ዘር የማን ሥራ ነው?

በጥቅምት አጋማሽ ከወልድያ ወደ ቆቦ ወይም ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ የሚወርድ መንገደኛ በግራና በቀኝ የሚያየው የማሽላ ማሳ ሥርዓት የጎደለው ይመስለዋል። አንዱ አገዳ የሰው ቁመት እጥፍ ተመዟል፤ ጎረቤቱ ከደረት አያልፍም። አንዱ ዛላ ጥቅጥቅ ብሎ ቀጥ ብሏል፤ ሌላው ተበትኖ አንገቱን ወደ መሬት ደፍቷል። ቀዩም፣ ነጩም፣ ብጫውም አንድ ላይ ቆመዋል። በእርሻ ትምህርት የሠለጠነ ዓይን ይህን ሲያይ ቀድሞ የሚመጣለት ፍርድ «ንጽሕናው ያልተጠበቀ ዘር» የሚል ነው። ባለማሳው ግን እያንዳንዱን በስሙ ያውቀዋል። ይህ ጥንቅሽ ነው፤ ልጆች አገዳውን ይመጡታል። ያ ወተት በጉንጬ ነው፤ ገና እሸት ሳለ ተጠብሶ ይበላል። ዳር ላይ ያለው ዘንጋዳ ነው፤ ወፍ እምብዛም አይደፍረውም፣ ለጠላም ይሆናል። ስንዴ ለምኔ የሚባልም አለ፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ኩራቱን አልደበቀም።

ድብልቁ በስንፍና የመጣ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚወስደው ማሽላ በሚያዝያ፣ በበልጉ ዝናብ ይዘራል፤ ዝናቡ ከሰመረ እህሉም አገዳውም ይትረፈረፋል። በልጉ ከቀረ ገበሬው ማሳውን ገልብጦ ሰኔ ላይ ቶሎ የሚደርሰውን ይሞክራል። እሱም ካልያዘለት ሐምሌ ላይ ጤፍ አለ፤ ክረምቱ ሲወጣም መሬቱ በያዘው እርጥበት ሽምብራ ይዘራል። ለእነዚህ ዕድሎች ሁሉ የሚሆነው ዘር በጎታ ተከድኖ ወይም ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጭስ ሲጠጣ ከርሞ መገኘት አለበት። አንዱ ዘር ጠፋ ማለት አንዱ ዕድል ተዘጋ ማለት ነው። አገዳውም ቢሆን ተራፊ አይደለም። የበሬ መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው፣ ለጣሪያም ይሆናል። ምርትን በኩንታል ብቻ የሚቆጥር መዝገብ ይህን አያይም፤ አገዳው ያጠረው «የተሻሻለ» ማሽላ በወረቀት ላይ አሸንፎ በረት ሲደርስ የሚሸነፈው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ልዩነት የሠራው ማን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱን ግን በመንግሥት ሰነድም በመማሪያ መጽሐፍም አድበስብሰን ነው የምናልፈው። የእህል ዓይነቶቻችንን ከወንዞች፣ ከማዕድንና ከዱር አራዊት ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ደርድረን «የተፈጥሮ ሀብታችን» እንላለን። ዋልያ ሰው ባይኖር ይኖራል፤ እንዲያውም ሳይሻለው አይቀርም። ወተት በጉንጬን ግን የሚዘራው ሰው ካጣ ጥቂት ክረምት አይሻገርም። አገዳው ወድቆ፣ ፍሬውን ወፍና ምስጥ በልቶት፣ ቦታውን አረም ይወርሰዋል። ማሳ ላይ ያለ ልዩነት ሰው በየዓመቱ ካልሠራው የለም።

ይህ ነገር ስለ ጥበቃ ያለንን ሐሳብ ከሥሩ ይለውጠዋል። የዱር ተፈጥሮን ለማዳን የለመድነው መንገድ ሰውን ማራቅ ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2017 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ለዋልያው የሚበጅ ውሳኔ ነበር እንበል። የግጭ ሰዎች ግን ከ3,000 ሜትር በላይ በሚገኝ ውርጫም መሬት ገብስ ሲያርሱ የኖሩ ናቸው። ስለ ገብሱ የጠየቀ ነበር? የእርሻ መልክዓ ምድርን ማዳን የዱሩ ተቃራኒ ነው፤ ሰው ከነሞፈሩ፣ ከነምርጫው፣ ከነጎረቤቱ እዚያው እንዲቆይ ይጠይቃል። አጥር አጥሮ፣ ዘብ አቁሞ የሚጨረስ ሥራ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1927 ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ አዲስ አበባ ላይ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ በቅሎ ጭኖ ደጋውን ተሻገረ። የገብሱንና የስንዴውን ብዛት ባየ ጊዜ ኢትዮጵያን በዓለም ካሉት ጥቂት የሰብል ማዕከሎች አንዷ አድርጎ በካርታው ላይ አሰፈራት። ከዚያ ወዲህ «የእህል መገኛ ነን» ማለት ልማዳችን ሆኗል። ለጤፍ፣ ለኑግ፣ ለእንሰትና ለቡና ኩራቱ ልክ ነው። ገብስና ስንዴ ግን እንግዶች ናቸው፤ መጀመሪያ ሰው እጅ ላይ የገቡት በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። ወደዚህ በጥቂቱ መጥተው እዚህ በዙ። የመንዝ ውርጭ አንዱን መረጠ፣ የሸዋ መረሬ ሌላውን፣ የትግራይ ጭንጫ ሌላውን፤ ከምርጫው ሁሉ በላይ ደግሞ የሰው እጅ ነበረ። በትግራይ ገብስና ስንዴ ቀላቅሎ በአንድ ማሳ የሚዘራ፣ አንድ ላይ አጭዶ አንድ ላይ የሚወቃ ገበሬ አለ፤ ድብልቁም ሓንፈጽ ይባላል። ዝናብ ሲያንስ ገብሱ ይይዛል፣ ሲበዛ ስንዴው። ለእኔ ይህ ከመገኛነት የሚበልጥ ክብር ነው። መገኛ መሆን የመልክዓ ምድር ዕጣ ሊሆን ይችላል። በእንግድነት የመጣን እህል ተቀብሎ በሺህ መልክ ማብዛት ግን ዕጣ አይደለም።

የዚህ ሥራ ፍሬ ከሠሪዎቹ አልፎ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመናውያን ሰብሳቢዎች ከዚህ በወሰዱት ገብስ ውስጥ ቅጠልን ዱቄት የነፉበት ከሚያስመስለው ሻጋታ የሚከላከል ባሕርይ ተገኘ። ከ1979 ጀምሮ ይኸው ባሕርይ በአውሮፓ የጸደይ ገብስ ዝርያዎች ውስጥ እየገባ እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ከዚያ ገብስ ብዙው ቢራ ይሆናል። በካሊፎርኒያም ገብስን ብጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ ቫይረስ ገበሬውን ሲያስመርር መከላከያው የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። በ1973 ደግሞ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከወሎ የሄዱ ሁለት የማሽላ ዓይነቶች ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ከሌላው ማሽላ ሁሉ በልጦ እንደሚገኝባቸው አረጋገጡ፤ ዜናውም እንደ ግኝት ታተመ። የወሎ እናቶች ያንን ማሽላ ከሌላው ለይተው በእሸትነቱ ለልጅ ሲጠብሱት ስንት ትውልድ እንዳለፈ የቆጠረ የለም። ሳይንሱ አዲስ ነገር አላወቀም ማለቴ አይደለም፤ ላይሲንን በምላስ መለካት አይቻልም። ነገር ግን ተመራማሪው ሊለካው የቻለው አንዲት ሴት ቀድማ ስለመረጠችው ነው፤ በጽሑፉ ላይ የሰፈረው ስም የእሷ አልነበረም።

ስለ ምርጫ ካነሣን አይቀር፣ ምርጫው የሚካሄደው እንዴት እንደሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ማሽላው ሳይቆረጥ፣ ገና ማሳው ቆሞ እያለ ገበሬው ውስጡ ይዘዋወራል። ይህኛው ዛላ ድርቁን ችሏል፣ ያኛውን አቀንጭራ አልጣለውም፣ ያኛው ከጎረቤቶቹ ቀድሞ ደርሷል እያለ ለዘር የሚሆነውን ለይቶ ይቆርጣል። ፍርዱ ለከርሞው ብቻ አይደለም፤ የዘንድሮው ምርጫ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚዘራውን ይወስናል። ፈላስፎች ስለ ዕውቀት ሲጽፉ መጽሐፍን፣ ክርክርን፣ ማስረጃን ያነሣሉ። እዚህ ግን ዕውቀቱ የተጻፈበት ብራና ተክሉ ራሱ ነው። አባትየው ሞቶ ልጁ ዘሩን ከወረሰ ያልተነገረው ነገር ሁሉ አብሮት ይተላለፋል፤ ዘሩ ከጠፋ ግን ቃል በቃል የተነገረውም ትርጉም ያጣል።

አገራችን ይህ ሁሉ እንዳይጠፋ የወሰደችው እርምጃ በአፍሪካ ቀዳሚ ከሚባሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን እርዳታ የዕፅዋት ዘረመል ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው። በቅዝቃዜ ክፍሎቹ ውስጥ ደርቀውና ታሽገው የተቀመጡት የዘር ናሙናዎች ከ80 ሺህ በላይ ናቸው። ማዕከሉን ከ1979 እስከ 1993 የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ አብዝተው የተከራከሩለት ነገር ግን የቅዝቃዜው ክፍል ብቻውን እንደማይበቃ ነበር። ዘሩ ወደ ማሳ መመለስ፣ ገበሬው እጅ ላይ መለወጡን መቀጠል አለበት ይሉ ነበር። በዚህ ሥራቸው በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። በምሥራቅ ሸዋ በእጀሬና በጨፌ ዶንሳ የቆሙት የማኅበረሰብ ዘር ባንኮች የዚህ አስተሳሰብ ልጆች ናቸው፤ ገበሬው የአገሩን ስንዴ በብድር ይወስዳል፣ ምርት ሲገባ ከጭማሪ ጋር ይመልሳል።

የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ሲመጣ የማዕከሉ ሠራተኞች በወሎና በሌሎች በተጎዱ አካባቢዎች ዘር ለማዳን ተሯሩጠዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚበላው ሲያልቅ የሚዘራው ይበላል። ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ አንድ ሌላ ረሃብ ይመጣብኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ስትከበብ የቫቪሎቭ የዘር ተቋም ሠራተኞች በመጋዘኑ ሩዝና ስንዴ፣ ባቄላና ድንች ተከበው፣ አንዲት ፍሬ ሳይነኩ፣ አንዳንዶቹ በረሃብ ሞቱ። ቫቪሎቭ ራሱ በዚያው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1943፣ በሳራቶቭ እስር ቤት ተርቦ አለፈ። ይህ ታሪክ የዘር ጥበቃ በተነሣ ቁጥር ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። እኔ ግን ከእነዚያ ሳይንቲስቶች አጠገብ የዘር ጎታዋን ከፍታ ለልጆቿ ንፍሮ የቀቀለችውን የወሎ እናት ማቆም እፈልጋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ዓለም ሰማዕታት ይላቸዋል። የእሷ ድርጊት በሪፖርት ቋንቋ «የዘረመል መመናመን» ሆኖ ይመዘገባል።

ፍርዱ ሚዛኑን የሳተ ነው። ተመራማሪው የጠበቀው የሰው ልጆችን ሁሉ ንብረት ነበር፤ በራሱ ነፍስ ቆረጠ፣ በዚህም ይከበራል። እናትየዋ ግን እንድትወስን የቀረበላት በልጇ ነፍስና በከርሞው ማሳ መካከል ነው። ዘሩን መብላቷ ዘር ጠባቂነቷን አይፍቅባትም፤ እሷና እናቷ ባይኖሩ የሚበላውም ዘር አይኖርም ነበር። ተጠያቂው ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጥ ያደረጋት ነው። ዘር በሰው ሆድ በኩል እንዳይጠፋ የሚፈልግ መንግሥት፣ ድርጅት ወይም ለጋሽ አገር ሥራው የሚጀምረው የቅዝቃዜ ክፍል ከመሥራት በፊት፣ ጎታው ባዶ እንዳይሆን ከማድረግ ነው።

የቅዝቃዜውን ክፍል አልንቅም። ነገር ግን የታሸገ ዘር ከታሸገበት ቀን ጀምሮ መለወጡን ያቆማል፤ ውጪው ዓለም ግን አያቆምም። እርሾ ወጥ ቤት የሚኖረው ሊጥ እየተቦካበት ነው፤ ለክብሩ ሲባል መደርደሪያ ላይ የተተወ እርሾ ይሞታል። የዘሩም ነገር ከዚህ አይርቅም። ለአፍታ የማያርፈው ጠላት ደግሞ ዋግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በየአካባቢው ተዘርቶ የነበረውን ኩብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ አወደመው። ገበሬዎች ቢጫ ዋግን ይችላል ወደተባለው ወደ ዲገሉ ዞሩ። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ አዲስ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ መጣና ዲገሉን አገኘው። ሰፊ ቆላማና ደጋማ መሬት በአንድ ዝርያ ሲሸፈን ዋጉ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ድብልቅ የአገር ስንዴ ማሳ ላይ ግን አንዱን ሲጥል ሌላው ይቆማል፤ ምርቱ ያንሳል እንጂ ባዶ አይሆንም። አጎራባች ማሳዎችን በአንድ ዘር የሚሸፍነውን ኩታ ገጠም እርሻ የሚያበረታቱ ባለሙያዎች ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ትራክተሩ፣ ኮምባይነሩ፣ የማዳበሪያው ስርጭት፣ የገዢው ውል ሁሉ የሚመቸው ለአንድ ዓይነት ዘር ነው፤ ምርቱም በደኅና ዓመት ከፍ ይላል። ደኅናውን ዓመት ማን ያረጋግጥልናል የሚለውን ግን ገበሬው ከሁላችንም በላይ ያውቀዋል።

አንድ ሥራ እዚህ ላይ ሳይነሣ አይታለፍም። በመቐለ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና በውጭ አገር ባልደረቦቻቸው የተመራ ቡድን 400 የማካሮኒ ስንዴ ዓይነቶችን፣ አብዛኞቹን ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩቱ ጂን ባንክ አውጥቶ፣ በትግራይ ሐገረ ሰላምና በአማራ ክልል ገረገራ ዘራቸው። ከዚያ 30 ሴቶችና 30 ወንዶች ገበሬዎች ማሳ ውስጥ ገብተው ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ውጤት የገበሬው ዓይን የሚያየው ነገር በዘረመል ደረጃ ሊፈለግና ሊገኝ የሚችል መሆኑን አሳየ። ለዓመታት በቅዝቃዜ ከተኙት የአገር ስንዴዎች መካከል ከተሻሻሉት የበለጡም ነበሩ። ሰው በ«ባህላዊ ዕውቀት» ላይ ለስብሰባ ያህል ጥሩ ቃል መናገር ይወዳል፤ እነዚህ ተመራማሪዎች ግን ዕውቀቱን እንደ መለኪያ መሣሪያ ቆጠሩት። ክብር ማለት ይህ ነው።

እስካሁን ስለ ዘር አወራሁ፤ ዘር ግን ያለ መሬቱ ግማሽ ነው። ወደ ኮንሶ እንውረድ። እዚያ ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ ሙሉ፣ ዝናብ አጠር በሆነ ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ተደርድሮ እርከን ሆኗል፤ አንዳንዱ እስከ 5 ሜትር ከፍታ አለው። በእርከኑ ላይ ማሽላ፣ ባቄላ፣ ጥጥ፣ በመካከላቸው ሽፈራው ይበቅላል። ከማሽላው ጨቃ ይጠመቃል፣ የሽፈራው ቅጠል ደግሞ የዘወትር ጎመን ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 ከእርከኑና ከድንጋይ ከተሞቹ 55 ካሬ ኪሎ ሜትር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የጌዴኦ የእንሰትና የቡና ጥምር እርሻም በ2023 ተከትሏል።

የኮንሶን እርከን ሳስብ ከድንጋዩ ይልቅ የሚገርመኝ ግዴታው ነው። የላይኛው እርከን ከተደረመሰ ጎርፉ የታችኛውን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ግድግዳውን የሚጠግን ሰው የራሱን አፈር ብቻ አያድንም፤ ከበታቹ ያለውን ጎረቤቱንም ያድናል፣ እሱም ከበላዩ ባለው ሰው ታማኝነት ይኖራል። ማኅበራዊ ውል ሲባል ፈላስፎች በሐሳባቸው የሣሉትን የተፈራረመ ሕዝብ እናነባለን። ኮንሶ ላይ ውሉ በድንጋይ ተደርድሮ ይታያል፤ ከጎደለም በማግስቱ ዝናብ ይታወቃል። እዚያ የልጅ ወደ ከተማ መፍለስ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ የማይሆነውም ለዚህ ነው። አንድ ጎረምሳ ጂንካ ወይም አርባ ምንጭ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ አንድ ግድግዳ ጠጋኝ ያጣል፣ ከግድግዳው በታች ያሉት ሁሉ ይሰጋሉ። የዓለም ቅርስ መዝገብ ይህን ጉልበት አይተካውም። በቅርብ ዓመታት ዝናብ ደጋግሞ ሲጠፋ የዚያ ሁሉ ጥበብ ባለቤቶች እርዳታ ጠባቂ ሆነው አይተናል። ጎብኚው የሚያነሣው ፎቶ ግራፍ ላይ ረሃብ አይታይም፤ እርከኑ ያምራልና።

ስለዚህ ጠንካራውን ተቃውሞ ሳልሰማ ማለፍ አልችልም። ገበሬውን «አባትህ እንዳረሰ እረስ፣ ዘርህን አትልቀቅ» የማለት መብት ያለን እኛ ማን ነን? በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ጤፍና ገብስ ይዘሩበት የነበረውን መሬት ዲከረንስ በሚባል ግራር ሸፍነው ከሰል ማክሰል ጀመሩ። ገቢያቸው አደገ፤ አሲዳም የነበረውም መሬት ደን ለበሰ። በሌላውም ስፍራ እንዲሁ ባሕር ዛፍ ማሳውን ወርሶታል፣ በሐረርጌ ጫት ማሽላውን ገፍቶታል። እነዚህ ገበሬዎች አልሳቱም፤ አስልተው ነው። ከአንድ ሄክታር የማይበልጥ መሬት ይዞ አምስት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ማሳውን ሙዚየም ያደርጋል ብሎ መጠበቅ፣ ድህነትን ቅርስ ብሎ ከመጥራት አይለይም። በኋላ የዲከረንሱ ደን በሽታ ገብቶበት መጎዳቱ አንድ ተክል ላይ የመንጠልጠልን አደጋ ያሳያል፤ የገበሬውን ሒሳብ ግን ስሕተት አያደርገውም። የነበረው አማራጭ ይህ ነበር።

እኛ ከተሜዎች ደግሞ በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለንም። ስለ ጥቁር ገብስ ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው ምሳው ላይ ማኛ ይፈልጋል። ወፍጮ ቤት ደርሶ ሰርገኛ ሲሰጡት ፊቱ ይቀየራል። ገበያው ነጭ ባለ ቁጥር ማሳው ይነጣል፤ ይህን ትእዛዝ ያወጣ ሚኒስቴር የለም፣ ሚሊዮን ሞሰብ እንጂ። ቡኒኝ የሚባለው ቶሎ የሚደርስ ቀይ ጤፍ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ስንት ቤት እንደሚያወጣ ገዢው አያውቅም፤ ባለማሳው ያውቃል፣ ግን በዋጋ ይቀጣል። ባሕር ማዶ ያለው ወገናችንም ከዚህ ሐሳብ ውጪ አይደለም። በአሜሪካ ከሚጋገረው እንጀራ አንዳንዱ አይዳሆ በበቀለ ጤፍ ነው። ዘሩ ተጉዟል፤ ዘሩን የሠራው ሰው ግን እዚህ ነው።

ዘር ሲጓዝ ምን ሊከተል እንደሚችል ደግሞ ከሆላንዱ ጉዳይ ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ ተቋማት ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ዘር ላይ የጥቅም መጋራት ስምምነት ተፈራረሙ። ብዙም ሳይቆይ በ2007 ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ የባለቤትነት መብት ተሰጠው፤ በ2009 ከሰረ፣ መብቱ ግን ወደ ሌሎች እጅ ተሻገረ። የሄግ ፍርድ ቤት መብቱ በሆላንድ ዋጋ የለውም ብሎ የወሰነው በ2018 መጨረሻ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ጤፉን ያለማው ገበሬ እጅ የገባ ነገር አለ ለማለት ይከብዳል። ሕግ አልጎደለንም፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ ከዘሩና ከዕውቀቱ በሚገኝ ጥቅም የመካፈል መብት እንዳለው በግልጽ ይናገራል። መብቱ ከወረቀት ወርዶ አውድማ ላይ የታየበትን ቦታ ግን ማንም ቢጠይቀኝ መጠቆም ይቸግረኛል።

ነገሩ ሁሉ ወደ አንድ ስፍራ ይወስደኛል። ልዩነቱ ሥራ ከሆነ፣ ሥራ ደግሞ ደመወዝ አለው። እስከ ዛሬ ደመወዙን የከፈለው ገበሬው ራሱ ነው፤ በሚያንሰው ኩንታል፣ በሚቀጣው ዋጋ፣ ከተማ በሚቀረው ልጁ። ተጠቃሚው ግን ሁላችንም ነን፤ የሙኒክ ቢራ ጠጪ፣ የካሊፎርኒያ ገብስ አምራች፣ የአዲስ አበባ እንጀራ ገዢ፣ ገና ያልተወለደው የባሌ ስንዴ ገበሬ። አንድ ወገን እየከፈለ ሁሉም የሚጠቀምበት ነገር ዘላቂ ሆኖ አያውቅም። ይህንንም ገበሬው በቃኝ ማለት ጀምሮ እየነገረን ነው፤ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ዘር እየጣለ።

ስለዚህ ጥሪዬ ለገበሬው አይደለም፤ እሱ ድርሻውን አብዝቶ ሠርቷል። የክልል ምክር ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት የግብርና በጀት ሲያዩ ለማኅበረሰብ ዘር ባንኮች መደበኛ በጀት ይያዙ፤ ፕሮጀክት ሲያልቅ የሚዘጋ ዘር ባንክ ዘር ባንክ አይደለም። ኩታ ገጠም የሚያስተባብሩ ባለሙያዎች ከየማሳው ጥግ ለአገር ዘር የሚቀር መሬት ይተዉ፣ ለዚያችም ጥግ ለገበሬው ይከፈለው። የትምህርት ቤት ምገባ የሚያካሂዱ ከተሞች ከሚገዙት እህል የተወሰነውን ከእነዚሁ ገበሬዎች፣ ከነቅልቅሉ፣ በደኅና ዋጋ ይግዙ። የምርምር ጣቢያዎች ዝርያ ሲያወጡ አገዳውን፣ መኖውን፣ የጠላውን ጣዕም ጭምር ይመዝኑ፤ መዛኝ ካጡ ሐገረ ሰላምና ገረገራ ማንን መጥራት እንዳለባቸው አሳይተዋቸዋል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም በሚቀጥለው ጊዜ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ሰርገኛውን ጠይቅ፣ በዋጋውም አትከራከር።